ሁለቴ ነው የመታኝ

በሥልጠና ማዕከሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ጓንት» ነበር የሚሏት። ነገሩ የመጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት ሌላው ሠልጣኝ የጎማ ጓንቱን ከመደርደሪያው መንጭቆ እጁ ላይ ሲያጠልቅ፣ እሷ ከአፉ ጀምራ ትጠቀልለዋለች፤ አየሩን ጣቶቹ ውስጥ አፍና ጆሮዋ ላይ ትለጥፈውና ታዳምጣለች። ቀዳዳ ካለው ይተነፍሳል። አንዱን ስትጨርስ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ስትጨርስ እንደገና የመጀመሪያውን። ከጎኗ የሚቀመጠው፣ የታክሲ ሹፌርነቱን ትቶ የመጣ ጎልማሳ፣ አንድ ቀን «ምን አለሽ? እኛንም ሰላም በይልን እንጂ» አላት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ «ጓንት»፣ እሱ «ታክሲ» ሆነው ቀሩ።

ሃያ ሁለት ሠልጣኞች ነበሩ። ስምንት ወር ተምረው ሲጨርሱ የኤሌክትሪክ መስመር ቴክኒሻን ይሆናሉ፤ ምሰሶ ይወጣሉ፣ ትራንስፎርመር ይቀይራሉ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ኃይል ያቋርጣሉ፣ ይለቃሉ። ሃያ አንዱ እንጀራ ፍለጋ ነው የመጡት። ጓንት የመጣችው አንድ ሰው ፍለጋ ነው።

ሰውየው የማዕከሉ ዋና አሰልጣኝ ነበር። ሽበታም፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ያለ ማይክ ግቢውን የሚሞላ ሰው። በሆነውም ባልሆነውም ቱግ ስለሚል ሠልጣኞቹ ከጀርባው «ፊውዝ» ይሉታል። ጓንት ስሙን ያወቀችው ግን ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በአደጋ ሪፖርት ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ ተጽፎ ነበር። ያኔ የጣቢያ ፈረቃ ኃላፊ ነበር።

ሪፖርቱ የወንድሟ ነው። «ወንድምጋሼ» ነው የምትለው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል። ከአንድ እናት ከሌላ አባት ስለሆኑ ፊውዝ የምዝገባ ወረቀቷን ሲያገላብጥ የጠረጠረው ነገር የለም። ወንድምጋሼ የመስመር ሠራተኛ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ምሰሶ ላይ የኖረ። አንድ ረፋድ ላይ ጥገናውን ጨርሶ ሊወርድ ሲል ኃይል ተለቀቀበት። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ። ከግራው ሁለት ጣት ሄደ። ሪፖርቱ «ፈቃድ ሳይሰጠውና ኃይል ሳይቋረጥ ምሰሶ ላይ በመውጣቱ የደረሰ አደጋ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው» ይላል። በዚያች አንዲት አረፍተ ነገር ሥራውንም ስሙንም ቀበሩት።

ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እሱ በረንዳው ላይ የሰው ካውያ፣ ማራገቢያና ሬዲዮ ይጠግናል። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የታሰረችውን፣ ዕቃ ነክሳ የምትይዝለትን ሞርሳ «ቀኝ እጄ» ይላታል። ደንበኛ ሲያጣድፈው «ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ቀኝ እጄን ጠይቃት» ብሎ ያስቀዋል። ስለ አደጋው አያወራም፤ ሲያወራም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው።

«ሁለቴ ነው የመታኝ።»

ማንም አላመነውም። ሐኪሙ «አእምሮ እንዲህ ያለውን ነገር ይደጋግመዋል» አለ። አጣሪዎቹም የሐኪሙን ቃል ወስደው ጻፉ። እሷም ብትሆን፣ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «እሺ ወንድምጋሼ» ብላዋለች፤ ሰው ትኩሳት ለያዘው ልጅ እንደሚለው «እሺ»።

ወደ ሥልጠናው መግባቷን የነገረችው የመግቢያ ፈተናውን ካለፈች በኋላ ነው።

«የኔ አልበቃም?» አላት።

«አልበቃም።»

ዋና አሰልጣኙ ማን እንደሆነ ስትነግረው ግን በእጁ የያዘውን ዊንዲቨር አስቀመጠ። «በይ እንግዲህ ተማሪ» አለ። «ሥራውን ያውቃል። ከማንም በላይ ያውቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባት በሁለተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ልቧ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ «ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል» የምትል። ሰው አይደል፣ ሰው ይሳሳታል። ያን ቀን ፊውዝ ጠመኔውን አንስቶ አንድ ጣቢያ ለጥገና ያቋረጠውን ኃይል ከመልቀቁ በፊት ማድረግ ያለበትን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የሥራ ፈቃዱ ወረቀት በሠራተኛው ተፈርሞ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ወርዶ ይቆጠራል። ማብሪያው ላይ የታሰረውን ቁልፍ ያሰረው ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ይፈታዋል፤ መክፈቻው ከእሱ ኪስ አይወጣም። በራዲዮ ይጠየቃል፣ መልሱ ይደገማል፣ ይመዘገባል።

ጓንት ደብተሯ ላይ እየጻፈች ወንድሟ የነገራትን እያስታወሰች ነበር። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። መክፈቻውም ኪሱ ውስጥ ነበር። በራዲዮ የጠየቀው አልነበረም። ይህ ሁሉ ሳይሆን ኃይል ለመልቀቅ አንድ ሰው ወንበሩን ስቦ መነሳት፣ መጋዘን ሄዶ የብረት መቁረጫ ማምጣት፣ የሌላ ሰው ቁልፍ መቁረጥ፣ ተመልሶ መጥቶ መጫን አለበት። ይሄ ስህተት አይደለም። ስህተት ይህን ያህል መንገድ አይሄድም። ቀዳዳዋ ያን ቀን ተደፈነች።

ፊውዝ ጠመኔውን አራግፎ ወደ ክፍሉ ዞረ። «ይህን የማያከብር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ» አለ። «በኔ ፈረቃ አንድ ችኩል ነበር። ኃይል ተቋረጠ አልተቋረጠ ሳይጠይቅ ዘሎ ምሰሶ ላይ ወጣ። ዛሬ በግራ እጁ ነው የሚጎርሰው። እሱም በሦስት ጣት!» ጣቶቹን አጥፎ ወደ አፉ እየወሰደ አሳያቸው። ሁለት ሦስት ሠልጣኞች ሳቁ።

የጓንት እስክሪብቶ ደብተሩን በሳው። ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከክፍሉ አንደኛ ሆነች። ማታ ታጠናለች፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች፤ ምሰሶ ስትወጣ የምትሮጥ ይመስላል። ፊውዝ «እንዲህ ነው የሚሠራ!» እያለ ለሌሎቹ በምሳሌነት ያነሳት ጀመር። እሷም «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ትለዋለች። እርስዎ እያለች፣ አንገቷን ሰበር እያደረገች። ውስጥ ውስጡን ግን በየቀኑ አንድ ጊዜ ትገድለዋለች።

በአምስተኛው ወር ዕድል እጇ ላይ ወደቀች።

በግቢው ውስጥ ለልምምድ የተተከሉ ስድስት ምሰሶዎች አሉ፤ ገመዳቸው እውነተኛ ኃይል ይሸከማል። ፊውዝ ገመዱን የሚሸከመው የሸክላ ስኒ እንዴት እንደሚቀየር ሊያሳያቸው ራሱ ወጣ። ታች፣ ማብሪያው ካቢኔ አጠገብ፣ ራዲዮ የያዘችው ጓንት ነበረች። ደንቡ እንደሚለው ኃይሉን አቋርጣለች፣ ለልምምዱ ሲባል በእሱ ፈንታ የራሷን ቁልፍ አስራለች፣ መክፈቻውን ኪሷ ከትታለች። የቀራት አንድ ቃል ነው።

«ጣቢያ፣ ኃይል ተቋርጧል? ልንካ?» አለ ከላይ።

መልስ አልሰጠችም።

«ጣቢያ! ተቋርጧል ወይ?»

ራዲዮውን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ላይ አየችው። ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጁ ከገመዱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሌላኛው እጇ ኪሷ ውስጥ ገብቶ መክፈቻውን ጨብጧል። ብረቱ መዳፏ ውስጥ እየሞቀ ነው። መፍታት፣ መጫን፤ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።

«አንቺ ልጅ! ስሚኝ እንጂ!» ድምፁ ቀጠነ። ግቢውን የሚሞላው ድምፅ ያ አልነበረም። እጁን ከገመዱ ወደ ደረቱ ሰበሰበ፤ እንደ ብርድ የመታው ሰው።

ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንዲህ አቆየችው። ከዚያ ራዲዮውን ተጫነች። «ኃይል ተቋርጧል። መንካት ይችላሉ።»

አልነካም። ስኒውን ሳይቀይር ወረደ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ራዲዮው አስቸገረኝ ጌታዬ።»

ከእጇ ነጥቆ ሞከረው። ጥርት ብሎ ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብሎ አያት፤ የሚያውቀውን ፊት የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጻፈባት። ሌላ ስህተት ከተገኘባት ትባረራለች።

ወደ ቤት ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ አለች። ፍርሃቱ ጣፍጧት ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ታክሲ ዝቅ ባለ ድምፅ «ራዲዮው ደህና ነበር» አላት። «እኔ የሰማሁትን አንቺ ሳትሰሚው አትቀሪም። ኪስሽ ውስጥ ምን ነበር የያዝሽው?»

«መሐረብ።»

«ይሁን። ተሳፋሪ ሁሉ የሚሄድበትን አይነግርም» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቤት ስትደርስ ለወንድሟ ነገረችው። ደስ የሚለው መስሏት እየሳቀች፣ ፊውዝ እጁን እንዴት እንደሰበሰበ በእጇ እያሳየች ነገረችው። ወንድምጋሼ የካውያውን ሶኬት ነቅሎ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምሰሶ ላይ ያለ ሰው ጠይቆሽ ዝም አልሽ?»

«እሱ እኮ ነው ወንድምጋሼ!»

«ማንም ይሁን! ማንም!» በሦስት ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታው፤ ዊንጮቹ ተበተኑ። «እዚያ ላይ ሆኖ መልስ መጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሱ በኔ ላይ ያደረገውን ልታደርጊ ከሆነ ሄደሽ እሱ ቤት ኑሪ። እኔ ቤት አይሆንም።»

ሦስት ቀን አላናገራትም። ምግብ ስታቀርብለት ይበላል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሳል፤ ያው ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ጫማዋን ስታስር፣ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«እታለም፣ ስሚኝ» አላት። ሲወዳት ነው እንዲህ የሚላት። «እንዲወድቅ አልፈልግም ያልኩ እንዳይመስልሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። ግን መሬት ላይ ቆሞ ይውደቅ። ሰው እያየው፣ ሁለት እግሩ መሬት ላይ ሆኖ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምትማሪው አንቺ።»

በስድስተኛው ወር ስለ ሪሌ መማር ጀመሩ። ይህን ትምህርት ፊውዝ አያስተምርም፤ «የልጆች ነገር» ብሎ ለአንድ ወጣት አስተማሪ ትቶታል። ሪሌ ማለት መስመሩን የሚጠብቅ ሣጥን ነው። ኃይል ከገመዱ አምልጦ ወደ መሬት ሲፈስ እሱ ያውቃል፤ ማንንም ሳይጠይቅ ቆርጦ ይጥላል። ደግሞም አይረሳም። መቼ ተለቀቀ፣ መቼ ተቋረጠ፣ በእጅ ነው ወይስ በራሱ፣ ሁሉን ከነሰከንዱ ይመዘግባል። አዳራሹ ውስጥ ለልምምድ ተብለው ከየጣቢያው ተነቅለው የመጡ ሰባት አሮጌ ካቢኔቶች ተደርድረዋል።

ለጓንት አራተኛው ካቢኔ ደረሳት። የጣቢያው ስም ተፍቋል፤ የመስመሩ ቁጥርና የመለያ ቁጥሩ ግን በሩ ላይ ተቀርጾ አለ። መለያ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው። ሪፖርቱን ስንት ጊዜ አንብባዋለች፤ ያን ቁጥር እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ኋላ ስታጣራ፣ ካቢኔው ከአደጋው በሳምንቱ ተነቅሎ መጋዘን ተወርውሮ ኖሮ ዘንድሮ ነው ለሥልጠና የወጣው። ያስነቀለው ሰው ሣጥኑን ከዓይን ማራቁን እንጂ ሣጥኑ እንደሚያስታውስ አላሰበም።

የሪሌውን ቁልፎች እየተጫነች መዝገቡን ወደ ኋላ መለሰች። ጽሑፉ በትንሿ መስኮት ላይ አንድ አንድ መስመር ሆኖ ወጣ። ቀኑ ያ ቀን ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ፤ ኃይል ተቋረጠ፣ በእጅ።

አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ፤ ኃይል ተለቀቀ፣ በእጅ።

በአሥራ ሦስተኛው ሰከንድ፤ ተቋረጠ፣ በራሱ። ወደ መሬት የፈሰሰ ኃይል።

አራት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ፤ ኃይል ተለቀቀ፣ በእጅ።

በስድስተኛው ሰከንድ፤ ተቋረጠ፣ በራሱ። ወደ መሬት የፈሰሰ ኃይል።

አራት ጊዜ አነበበችው። በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ካቢኔውን ዘግታ፣ ለአስተማሪው «ሆዴን አመመኝ» ብላ ወጣች።

ወንድምጋሼ በረንዳው ላይ የማራገቢያ ሞተር ፈቶ ነበር። በዚያ ሰዓት ሲያያት ደነገጠ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አላነሳውም፤ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሰከንዶቹን ደመረ።

«ሃምሳ ሦስት ሰከንድ» አለ።

«አዎ።»

«ሁለቴ ነው።»

«ሁለቴ ነው ወንድምጋሼ።»

«እብድ አልነበርኩም።»

«አላመንኩህም ነበር» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«አውቃለሁ» አላት። በትከሻው አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ሞተሩ ተመለሰ፤ ግን ሞተሩን አልነካውም። ዝም ብሎ ያየው ነበር።

ታክሲ ጉዳዩን የሰማው በማግስቱ ነው፤ ለአንድ ሰው መንገር ነበረባት። «አሁኑኑ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስረክቢ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። ጓንት ግን ራሷን ነቀነቀች። ፎቶ «የውሸት ነው» ይባላል። ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሪሌው ላይ ደግሞ አንዲት የማጥፊያ ቁልፍ አለች፤ ማንም በሦስት ሰከንድ ሁሉን ጠርጎ ሊሄድ ይችላል። ሰው ፊት፣ ፊውዝ ባለበት፣ ከራሱ ከሣጥኑ እንዲነበብ ነው የምትፈልገው። ወንድሟን ክፍል ሙሉ ሰው ፊት በጣቱ አስመስሎ አሳይቶት የለ? እሱም ሰው ፊት ይሁን።

የማጠቃለያው የተግባር ፈተና ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ሰባቱንም ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከጽዳት ሠራተኛዋ እኩል እየገባች አራተኛውን ካቢኔ ትከፍታለች። አምስቱ መስመሮች አሉ። ትዘጋዋለች። አንድ ቀን ፊውዝን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ አገኘችው፤ ወደ ካቢኔው ሳትሄድ በሩ ላይ ቆመች። መብራት ሊያስቀይር ነበር የመጣው። «ጎበዝ፣ ከዶሮ ጋር ነው የምትነሺው» አላትና ሄደ።

በፈተናው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ፈታኞች መጡ። መሪያቸው የደህንነት ክፍል ኃላፊ የሆነች መሐንዲስ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምታነብ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት። ፊውዝ በአዲስ ክራባት ከአጠገቧ ቆሟል። ሠልጣኞቹ ማን በየትኛው ካቢኔ እንደሚፈተን ዕጣ አወጡ። ጓንት ስድስት ቁጥር ደረሳት። ወረቀቱን ይዛ እንደ ሐውልት ቆመች።

ታክሲ የራሱን ገልጦ አየ። ከዚያ ሳል እንደያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን እጇ ውስጥ ጣለና የሷን ወሰደ። «የአራት ቁጥር መንገድ ጥምዝምዝ ነው፣ እኔ በስድስት እሄዳለሁ» አለ በሹክሹክታ።

ተራዋ ሲደርስ ፈታኞቹ ካቢኔው ዙሪያ ቆሙ። መሐንዲሷ «መዝገቡን አውጪና በመስመሩ ላይ የደረሰውን አስረጂን» አለች።

ጓንት ጓንቷን አጠለቀች፣ በሩን ከፈተች፣ ቁልፉን ተጫነች። ቀኑን ጮክ ብላ አነበበች። አምስቱን መስመሮች አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አነበበች። ቀና ብላ ፊውዝን አየችው። ገና አልገባውም፤ ሰዓቱን ያይ ነበር።

«ከዚህ የምረዳው» አለች፣ «መስመሩ ለጥገና በሦስት ሰዓት ከሃያ ተቋርጧል። ስለዚህ ምሰሶው ላይ የነበረው ሠራተኛ የወጣው ኃይል ከተቋረጠ በኋላ ነው። አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ አንድ ሰው ጣቢያው ውስጥ ቆሞ በእጁ ኃይል ለቀቀበት። ሪሌው ሰውየውን አትርፎት ነበር፤ በአንድ ሰከንድ ቆረጠው። ከመጀመሪያው ሃምሳ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ያው ሰው በእጁ ደግሞ ለቀቀበት።»

አሁን ገባው። ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። «አሮጌ ዕቃ ነው!» አለ። «ሰዓቱ የተዛባ ነው፣ ከፈተናው ይውጣ!» እጁ ወደ ማጥፊያዋ ቁልፍ ተወረወረ። ጓንት መዳፏን ቁልፏ ላይ ከደነች። እጁ በጎማው ጓንት ላይ አረፈ፤ እንደዚያ ተፋጠው ቆዩ።

«እጅዎን ያንሱ» አለች መሐንዲሷ። መነጽሯን አወረደች። «የዚያ ቀን የፈረቃ ኃላፊ ማን ነበር?»

«እሳቸው» አለች ጓንት። «ሪፖርቱንም የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ችኩሉ፣ በሦስት ጣት የሚጎርሰው ሠራተኛ ደግሞ ወንድሜ ነው።»

ፊውዝ አንዴ እሷን፣ አንዴ ፈታኞቹን አየ። ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ግን ቱግ ማለት ልማዱ ነው።

«ማንም ቢሆን ይለቀው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ኃይል የተቋረጠበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በየደቂቃው እየደወለ ይሳደባል፣ ቁልፍ ያሰረው ሰውዬ አይወርድም፣ ታዲያ ቁልፉን ከመቁረጥ ሌላ ምን…» አፉን እንደከፈተ ቀረ።

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ይቀጥሉ» አለችው። «ቁልፉን ከመቁረጥ።»

እሱ ክራባቱን ላላ አደረገና ከጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሠልጣኞቹ አንድም ውሃ ያመጣለት የለም። ጓንት ከፊቱ ቆማ እስክትጠግብ አየችው።

አዲስ አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። የፋብሪካው የስልክ መዝገብ ወጣ፤ የዚያ ቀን የጣቢያ ጸሐፊ የነበረችው ሴት የተቆረጠውን ቁልፍ ማየቷን ተናገረች። በሦስተኛው ወር ፊውዝ ከሥራ ተሰናበተ፤ ዳግመኛ ማብሪያ እንዳይነካ የሙያ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ተላለፈ። ለወንድምጋሼ «ጥፋቱ የራሱ አይደለም» የሚል ደብዳቤ በማኅተም መጣለት። ጓንት ግን ያ አልበቃትም። መሐንዲሷ ቢሮ ድረስ ሄዳ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም። ዛሬ ወደ ማዕከሉ ለሚገባ ሠልጣኝ ሁሉ አምስቱ መስመሮች በሁለተኛው ወር ይነበባሉ፤ የለቀቀው ሰው ስምም አብሮ ይነበባል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራቸው ተንኳኳ። ፊውዝ ነበር። ከስቷል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ጓንት ልትዘጋበት ስትል ወንድምጋሼ ከበረንዳው «አስገቢው» አላት።

ወንበር ተሰጠው። ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ስለ ሚስቱ ሕመም፣ ስለ ዕድሜው አወራ፤ ፍርድ ቤቱ የተጎጂውን ቃል እንደሚሰማ፣ አንድ ይቅርታ የሚል ወረቀት ቢጻፍለት እንደሚቀልለት ተናገረ። ወንድምጋሼ ሳያቋርጠው አዳመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው ሲጨርስ። «የመጀመሪያውን ተወው። ቸኩለሃል፣ ተሰድበሃል፣ ለቀቅህ። ሁለተኛውን ለምን?»

ፊውዝ መሬት መሬቱን አየ። «ወፍ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንዳንዴ ወፍ ገመዱንና ምሰሶውን አንድ ላይ ትነካና ሪሌው ይቆርጣል። ደግመህ ትለቃለህ፣ ወፏ ትወድቃለች፣ ኃይሉ ሳይቆረጥ ይቀጥላል። ወፍ ነው ብዬ ነው።»

ወንድምጋሼ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ከዚያ ሞርሳዋ ውስጥ የታሰረውን ካውያ ማላላት ጀመረ። «በል፣ በደህና ሂድ» አለው። «ለፍርድ ቤቱም ይህንኑ ንገራቸው። እንደነገርከኝ አድርገህ።»

ጓንት እስከ ግቢው በር ሸኘችው። መዝጊያውን ስትይዝ ዞር አለ። «አንቺስ ልጄ? የኔው ተማሪ ነሽ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ይቅር አትዪኝም?»

«በደንብ ነው ያስተማሩኝ» አለችው። «ይቅር ግን አልልዎትም። ዛሬም፣ ከሞቱ በኋላም።»

በሩን ዘጋችው። ኮቴው መንገዱ ላይ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ መቀርቀሪያውን እንደያዘች ቆመች። ያዝንለት እንደሆነ ልቧን አዳመጠች፤ አላዘነለትም። ስትመለስ ወንድምጋሼ ካውያውን ፈትቶ ለደንበኛው አስረክቦ፣ ስለ ገመዱ መቁሰል ሰውየውን እየተቆጣው ነበር። እሷም ወደ ጓዳ ገባች፤ ሰኞ ሥራ የምትጀምርበት ጣቢያ ሩቅ ስለሆነ ልብሷን ዛሬውኑ ማጠብ ነበረባት።